ባለመዝገቡ ዓሣና ስሙ ያልተጻፈው መንገድ መሪ

ባለፈው ጥር በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት አራት ጓደኛሞች ሆነን ባሌ ወጥተን ነበር። እውነቱን ለመናገር ዓላማችን ታሪክ መመርመር አልነበረም፤ በእግር መሄድና ዓሣ ማጥመድ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ነው ማለታችን ሰበብ ነው፤ ለወላጆቻችንም የነገርናቸው ይኸንኑ ሰበብ ነው። ይሁንና እዚያ ሄደን የገጠመን ነገር ከዓሣው ስለበለጠብን፣ ሰበባችን እውነት ሆኖ ይኸው ልንጽፍ ተቀመጥን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ምክንያቱም ስለ ባሌ ያነበብናቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የፈረንጅ ናቸው። ይህም ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።)

ከመነሣታችን በፊት ከቤተ መጻሕፍት ያገኘነውን ሁሉ አገላብጠናል። ታዲያ «ባሌን ማን አገኘው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መጻሕፍቱ የሚሰጡት መልስ ባለ ስምና ባለ ቀን ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 ከበርበራ ተነሥቶ የሶማሌን ምድር አቋርጦ ባሌ ደረሰ። ሼክ ሁሴንን አየ፤ የወይብ ወንዝ ገብቶ የሚሰወርበትን የሶፍ ዑመርን ዋሻ አየ። የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበርና ሹማምንቱ አላሳልፍ አሉት፤ እሱም ወደ ደቡብ ዞሮ ዛሬ ቱርካና እስከሚባለው ሐይቅ ድረስ ሄደ። በ1897 ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ በእኛ ቋንቋ «ባልታወቁ የአፍሪካ አገሮች ውስጥ» ማለት ነው።

ለማን ያልታወቁ? ሼክ ሁሴን እኮ ስሚዝ ከመወለዱ ከብዙ ዘመን በፊት ከአርሲና ከሐረርጌ፣ ከቦረናና ከሶማሌ ምድር ሕዝብ ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዞ፣ ልጁን አዝሎ፣ እየዘመረ የሚጎርፍበት ቦታ ነው። የሶፍ ዑመር ዋሻም ቢሆን ስሙን ያገኘው እዚያ ተጠልለው ይጸልዩ ከነበሩት ሼክ ነው። ስም ያለው ዋሻ እንዴት ነው ያልታወቀ የሚሆነው? ስሚዝን ለመክሰስ ብለን አይደለም፤ ሰውየው ደፋርና ትጉህ ነበር፤ ካርታውም ጠቅሟል። የሚገርመን «ያልታወቀ» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ በኛው መማሪያ ክፍል ውስጥ ሳትጠየቅ ማለፏ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሜጀር አይቨር በክስተን ነው። በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለ ተራራ ላይ አንድ የማያውቀውን ትልቅ አጋዘን ገደለ። ቆዳውና ቀንዱ ለንደን ሲደርስ ሪቻርድ ላይደከር የተባለው ሊቅ በ1910 አዲስ ዝርያ ነው ብሎ መሰከረ፤ እንስሳውንም በተኳሹ ስም ጠራው። የደጋ አጋዘን የምንለው የተራራው ኒያላ በሳይንስ ቋንቋ እስከ ዛሬ የበክስተን ነው። የባሌ ሰው ግን ገደምሳ ሲለው ኖሯል። ቀይ ቀበሮም የባሰ ዕድል ገጥሞታል፤ ጀርመናዊው ኤዱዋርድ ሩፔል ስሜን ላይ አይቶት ስለጻፈው የሳይንስ ስሙ «የስሜን» ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ በዓለም ካለው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ግን ባሌ ነው። ኦሮሞው ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ፈረስ ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚከተል ነው ይላሉ። ልብ በሉ፤ አንደኛው ስም ማን እንዳየው ይናገራል፤ ሌላኛው እንስሳው ምን እንደሚያደርግ።

ይህን ሁሉ አንብበን፣ ተቆጥተን፣ ቁጣችንንም ከብርድ ልብሱ ጋር ጠቅልለን ነው እንግዲህ የተነሣነው።

ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ግድም ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አውቶቡሱ ሲያወርደን ብርዱ ጆሯችንን ቆነጠጠው። የማጥመጃ ፈቃድ አወጣን፤ ሁለት ፈረስ ተከራየን፤ ፈረሶቹን የሚነዱና መንገድ የሚመሩን አንድ አዛውንት ተሰጡን። ዕድሜያቸው ሰባ የሚጠጋ፣ በነጠላ ጫማ የሚሄዱ፣ ትንፋሻቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። እኛ በሃያ አንድና በሃያ ሁለት ዓመታችን እንደ አሮጌ ወናፍ ስንተነፍስ፣ እሳቸው ከፊት ከፊታችን ለፈረሶቹ ያንጎራጉሩ ነበር። አማርኛቸው አጠር ያለ ነው፤ ከመካከላችን አንዱ የሮቤ ልጅ ስለሆነ የጎደለውን በኦሮምኛ ይሞላ ነበር። «አባባ» አልናቸው፤ «ልጆቼ» አሉን፤ ሌላ ትውውቅ አላስፈለገም።

የዲንሾን ጽድና ኮሶ ከኋላችን ትተን የወይብን ሸለቆ ያዝን። ሸለቆ ሲባል ገደል የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ሰፊና ለጥ ያለ የሣር ሜዳ ነው፤ ወንዙ በመካከሉ እየተጣመመ ይወርዳል። ጧት ሣሩ ላይ የነጣ አመዳይ ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ በአንድ ጊዜ ጤዛ ሆነ። በየቦታው ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ የሚያየን ፍልፈል ነው። ይህ ተራ ፍልፈል አይደለም፤ የባሌ ብቻ የሆነው፣ ከድመት የሚያንሰው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በሱ ነው። አንዱን ቀበሮ ከከብት መንጋ መሐል ተጠልሎ ወደ ጉድጓዱ ሲጠጋ አየነው፤ አባባ «ከብት ካለ ፍልፈሉ አይፈራም» አሉን። በኋላ ስናነብ ሊቃውንቱም ይህንኑ እንደጻፉት አየን።

ዓሣውን ያጠመድነው በሁለተኛው ቀን ነው። ዘንጋችን የሽመል ነበር፤ ክሩ ናይለን፤ ማጥመጃችን አባባ ድንጋይ ገልብጠው ያወጡልን ትል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልነበረም። ሦስታችን ተስፋ ቆርጠን ጀርባችንን ፀሐይ እያስመታን ሳለ አራተኛው ጮኸ፤ ክሩ ተወጥሮ ዘንጉ ጎብጧል። ያወጣው ዓሣ ክንድ አይሞላም፤ ጎኑ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያንጸባርቅ ቀይ መስመር አለው፤ ትራውት ነው። እስከ ማታ ሌሎችም ተከተሉት። በጨውና በበርበሬ ፍም ላይ ጠበስናቸው፤ ሥጋው ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ እሾኹ ጥቂት ነው። አባባ አልቀመሱም። «እኔ የከብት ሰው ነኝ» ብለው ጭኮአቸውን አወጡ።

አሁን የዚህን ዓሣ ታሪክ ስሙ። ትራውት የኢትዮጵያ ዓሣ አይደለም። ባለ ቀስተ ደመናው አገሩ ሰሜን አሜሪካ፣ ወደ ፓሲፊክ በሚፈሱ ወንዞች ውስጥ ነው፤ ቡናማው ደግሞ አውሮፓ። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። እንግሊዞች ኬንያ ሲሰፍሩ ደጋው የአገራቸውን መሰላቸው፤ የጎደለው ዓሣ ብቻ ነበር። በ1905 ገደማ ኢዋርት ግሮጋን፣ ያ ከኬፕ እስከ ካይሮ የተጓዘው ሰው፣ ከስኮትላንድ ከሎክ ሌቨን ሐይቅ የቡናማውን ትራውት እንቁላል አስመጥቶ በአበርዴር ተራራ ጉራ በሚባል ወንዝ አስለቀቀ። ከኬንያ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት በ1960ዎቹ ግድም ወደ ባሌ መጡ፤ በወይብ፣ በዳንካና በሻያ ውስጥም ተራቡ። አያችሁ? የዚህ ዓሣ የዘር ሐረግ እስከ ስኮትላንድ ሐይቅ ድረስ ይቆጠራል። አምጪው ይታወቃል፤ መንገዱ ይታወቃል፤ ዓመቱ ይታወቃል። በወይብ ዳር ካለው ነዋሪ ሁሉ ይበልጥ መዝገብ ያለው ዓሣው ነው!

ይህን ስንል ሳቅን፤ አባባ ለምን እንደሳቅን ጠየቁን፤ ነገርናቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጅ ሆኜ ነው የመጣው» አሉ። «ፈረንጆች በዕቃ አድርገው አመጡት እየተባለ ይወራ ነበር። እኛ ልጆቹ ‹ውሃችንን ሊበክሉት ነው› ብለን ፈርተን ነበር።»

በማግስቱ ወንዙን ይዘን ፊንጫ ሀበራ ደረስን። ፏፏቴ አለ። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ላይ ላዩን ሲያዩት እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ተራ የድንጋይ ዋሻ አለ፤ ከፍታው ወደ 3,470 ሜትር ነው። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣውን ጥናት አስቀድመን ባናነብ ኖሮ ቆመን ባላየነውም ነበር። የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው የእሳት ምድጃ፣ የባልጩት መሣሪያና የእንስሳት አጥንት አግኝተዋል። ሰዎች እዚያ የኖሩት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያውም የተራራው አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን። ይበሉ የነበረው በብዛት ምን ይመስላችኋል? ያን ግዙፍ ፍልፈል፣ ጠብሰው! ባልጩቱን ያመጡት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ወጥተው ነው። አየሩ ሳስቶ፣ በረዶው አፍጥጦ፣ ለአንድ ስለታም ድንጋይ ብለው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው በዚህን ያህል ከፍታ ላይ መኖሩ ከታወቀባቸው ሥፍራዎች ሁሉ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው።

ዋሻው ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ጣሪያው የጠቆረ ነው፤ የቅርብ ጊዜ እረኛ እሳት ይሁን የጥንቱ መለየት የኛ ሙያ አይደለም። ያነበብነውን ለአባባ አስረዳናቸው። ሠላሳ ሺህ፣ አርባ ሺህ ዓመት የሚለው ቁጥር አላስደነቃቸውም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ፍልፈሉን በምን ያዙት?» በወጥመድ ይሁን በጭስ መመለስ አቃተን። እሳቸው ግን ጉዳዩን ትልቅ አድርገው ያዙት፤ ጉድጓዱ ስንት መውጫ እንዳለው፣ የትኛው እንደሚደፈን እያሰላሰሉ ብዙ ቆዩ። ከመጣን ወዲህ ስለ ዋሻው ከሰማነው ንግግር ሁሉ ያን ያህል ታሪክ ታሪክ የሸተተ የለም።

ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር ላይ ያለው ቀዩ ተራራ፣ የኛ መጨረሻ እንዲሆን አስበን ነበር። ግን ከመካከላችን አንዱ ራሱን አዞረው፤ አስመለሰው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ጅብራው በቆመበት ዳገት ላይ ትንሽ ከወጣን በኋላ አባባ ፈረሱን አዙረው «ይበቃል» አሉ። ስለዚህ ሳኔቲን ሳንረግጥ ነው የተመለስነው። የድንጋይ ዘመን ሰው ለባልጩት የወጣውን ዳገት እኛ በብስኩትና በሹራብ አቃተን።

በዚያ ሌሊት ከድንኳኑ ፊት እሳት ዳር የሆነው ነው ይህን ያስጻፈን። አባባ ስለ አባታቸው አወሩን። በልጅነታቸው አንድ ፈረንጅ ገደምሳ ሊቆጥር መጥቶ፣ አባታቸው በፈረስ እየመሩ ተራራ ለተራራ ወስደውታል። ፈረንጁ በመነጽር እያየ ይጽፋል፤ አባታቸው ገና በዓይን የማይታየውን መንጋ በጣት ያሳያሉ። «ስሙ ማን ነበር?» ብንላቸው «እኛ ቆጣሪው ነበር የምንለው» አሉ። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሌስሊ ብራውን ኒያላን ለማጥናት ባሌ ተመላልሶ፣ አገሩ ፓርክ እንዲሆን መክሮ ነበር። ከሱ ሌላም የመጡ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው መጻሕፍቱ ተለያይተው የሚያወሩትን ማገጣጠም ያለብን። ከ1963 እስከ 1970 የባሌ ገበሬና አርብቶ አደር፣ በዋቆ ጉቱና በሌሎችም መሪነት፣ መሣሪያ አንሥቶ ነበር። ብዙ ምክንያት ቢኖረውም ሥሩ መሬትና ግብር ነው። መሬቱ ይቀየሳል፤ ግብር ያልቻለው ይነቀላል፤ ርስቱ ለሌላ ይሰጣል፤ በሃይማኖቱና በቋንቋው መናቁም ተጨመረበት። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ባሌን ይለካ ነበር። ቀያሹ በገመድ፣ ኒያላ ቆጣሪው በመነጽር፣ ዓሣ ለቃቂው በበርሜል። በ1970 ዋቆ ጉቱ እጁን ሰጠ። በዚያው በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ ስፋቱ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎሜትር። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ተንኮል የተያያዙ ናቸው አንልም። ግን ከብቱን እየነዳ ለሚያልፈው ገበሬ ቀያሹና ቆጣሪው በምን ይለያዩበታል? ሁለቱም ወረቀት ይዘዋል።

እኛም ይህን አስበን፣ ልባችን ሞቆ፣ አንድ ነገር ለማድረግ ቆረጥን። ደብተራችንን አውጥተን «አባባ፣ የአባትዎን ስም ይንገሩን፤ በጽሑፋችን ላይ እናወጣዋለን፤ ፈረንጁን መርቶ ተራራውን ያሳየ ማን እንደሆነ ሰው ይወቅ» አልናቸው። ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። ስሙን ነገሩን። ከዚያ እስክሪብቶውን አዩና «አትጻፉት» አሉ።

ምነው አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ የሮቤው ልጅ በኦሮምኛ የሰማውን እንዲህ ተረጎመልን፦ «ስም የሚጻፍበትን ነገር አይተናል። አንዱ መጥቶ ከብት ቆጥሮ ጻፈ፤ ሌላው መጥቶ ቤት ቆጥሮ ጻፈ። ከተጻፈ በኋላ ‹ይህ ቦታ የአውሬ ነው፣ ልቀቁ› የሚል ወሬ ይከተላል። እናንተ የአባቴን ስም ከዚህ ተራራ ጋር አብራችሁ ብትጽፉት፣ ወረቀቱ ነገ ‹እዚያ ነበሩ› ብሎ ይመስክርልኝ፣ ወይስ ‹እዚያው ናቸው› ብሎ ይክሰሰኝ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጥነው። አዲስ አበባ ላይ ያዘጋጀነው ቁጣ «ስማቸው ለምን አልተጻፈም?» የሚል ነበር፤ ስሙ የሚጻፍበት ሰው «ተዉኝ» ይላል ብለን አንድም ቀን አላሰብንም።

አባባ ከተኙ በኋላ እኛ ተከራከርን፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላለቀም። አንዱ ወገን፣ ያልተጻፈ መብት የለም፤ ካልተመዘገቡ ከቦታው መነሣት ቢመጣ ማን ኖረው እንደነበር ማስረጃ አይኖርም አለ። ሌላው፣ መዝገቡ በማን እጅ ነው የሚለው ይቀድማል አለ። ተራራውም ራሱ በክርክሩ ውስጥ ድምፅ አለው፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ውሸታሞች ነን። ድሮ ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓት ከብቱ በክረምት ወደ ደጋው ግጦሽ ይወጣል፣ ከሆራውም ማዕድን ያለበትን ውሃ ይጠጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ወደ ቆላ ይመለሳል፤ ሣሩም ያርፋል። ዛሬ ብዙው ወጥቶ አይወርድም፤ ቤት ተሠርቷል፤ ገብስ ተዘርቷል። ከከብቱ ጋር የመጣው ውሻ ያመጣው የእብደት በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና እንደገና በ2003 ቀይ ቀበሮውን በብዛት ፈጅቶታል፤ በዓለም ላይ የቀረው ደግሞ ሁሉም ተደምሮ 500 ገደማ ነው። ከዚህ ተራራ የሚነሡት ወይብ፣ ወልመል፣ ዱማል የመሰሉት ወንዞች እስከ ሶማሌ ምድር ሚሊዮኖችን ያጠጣሉ። ይህ ቀልድ አይደለም።

ግን ደግሞ በ1991 ደርግ ሲወድቅ የዲንሾው የፓርክ ንብረት ተዘረፈ፤ ኒያላም ተገደለ። የገዛ ደጁን አውሬ የሚጠላ ሕዝብ የለም፤ የጠላው አውሬው ሰበብ ሆኖ የመጣበትን ነገር ነው ብለን እናምናለን። ስለዚያ ዓመት አባባን ጠይቀናቸው ነበር። ጭራሮ ወደ እሳቱ ጨመሩና ስለ ፈረሱ ኮቴ ማውራት ጀመሩ።

ፓርኩ ከተቋቋመ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው በ2014 ድንበሩ በደንብ የታወጀው፤ በ2023 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ያው መዝገብ።

በአምስተኛው ቀን ወንዙን ይዘን ወረድን። መሻገሪያው ላይ አባባ የታመመውን ጓደኛችንን በፈረስ አሻገሩልን፤ እኛ ጫማችንን በአንገታችን አንጠልጥለን ገባን፤ ውሃው አጥንት ይቆርጣል። ያ ውሃ በታች በኩል ቆላ ወርዶ ነው የሶፍ ዑመርን ዋሻ፣ ያን 15 ኪሎሜትር የተለካውን የጨለማ ቤት፣ የሚያቋርጠው። ትራውቱ እስከዚያ አይወርድም፤ ሙቀቱን አይችለውም።

ዲንሾ ስንደርስ ፈቃዳችንን መለስን። ቢሮው ውስጥ አንድ ትልቅ መዝገብ ተገልጦ ተሰጠን፤ ስም፣ የመጡበት ቦታ፣ የቆዩበት ቀን፣ የተያዘ ዓሣ ብዛት። አራታችንም በተራ ጻፍን። በዓሣው ዓምድ ላይ ሰባት አልን። አባባ ውጭ ቆመው ነበር፤ የሁለቱን ፈረስ ልጓም በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሒሳባቸውን እየጠበቁ።